ከጉልላት እስከ ክር፤ የእንቁላል ቅርፊት ጌጥ አጭር ታሪክ



በአገራችን ስለ እንቁላል ከሚነገሩት አባባሎች ሁለቱን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንደኛው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ በልጅነቱ እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ እናቱ ዝም ያለችው ልጅ፣ አድጎ በሬ በሰረቀና በተፈረደበት ጊዜ «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» አለ የሚባለው ነው። በአንደኛው እንቁላሉ ጫጩት ይሆናል፤ በሁለተኛው ይሰረቃል። ስለ ቅርፊቱ የሚናገር ግን የለም። ቅርፊት ከተሰበረ በኋላ ከአመድ ጋር ተጠርጎ የሚጣል ነገር ነውና።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለሚጣለው ነገር ነው። ርዕሱን ለጓደኞቼ ባማከርሁ ጊዜ አንዱ፣ «ዱቄት ተሰፍሮ በሚታደልበት ቦታ ስለ እንቁላል ጌጥ መጻፍ ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሁለት ቃል ልመልስለት ስላልቻልሁ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ በጽሑፍ አቀርበዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ለእኔ ነገሩ የተጀመረው ጀሪፍ ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በዚያ አልፈናል። በጥቁር ዓባይ ዳር ያለውን ያንን የካርቱም ሰፈር፣ የጡብ መተኮሻውንም ጭስ የማያስታውስ የለም። ወንዙ ከአገራችን ደጋ ጠርጎ ያወረደው ደለል እዚያ ጡብ ሆኖ ሲተኮስ አይተናል። በተከራየንበት ግቢ ውስጥ በዕድሜ የገፉ አንዲት የአገራችን ሴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እማማ» እንላቸው ነበር። ጧት ጧት ለሠራተኛው ፉልና እንቁላል ይሸጣሉ። እንቁላሉን እንደ ሌላው ሰው ከመሐሉ አይሰብሩትም፤ ጫፉን በማንኪያ መታ መታ አድርገው በትንሽ ቀዳዳ ያፈስሱታል። ባዶውን ቅርፊት አጥበው፣ በአሮጌ ጣሳ በተከሉት እሬት ቅጠል ጫፍ ላይ ይሰኩታል። ከሩቅ ለሚያየው ተክሉ ነጭ አበባ ያበበ ይመስላል። ለፋሲካ ደግሞ ጥቂቱን የሽንኩርት ልጣጭ በፈላበት ውሃ ነክረው ቡናማ ቀለም ያስይዙና በክር አንጠልጥለው በሩ ላይ ያስሩታል።

አንድ ቀን፣ «እማማ፣ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ምን ይሠራልዎታል?» ብዬ ሳቅሁ። እርሳቸውም ከምድጃው ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያለውንስ ምን ልትለው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትንና የጠየቅሁትን ነው እዚህ የምጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ ቅርፊቱ ምንነት ጥቂት ልበል። የእንቁላል ቅርፊት አብዛኛው ክፍሉ የኖራ ድንጋይ ከተሠራበት ነገር የተሠራ ነው። የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ግማሽ እንኳ አይሞላም። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ግን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እንቁላሉ ራሱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል፣ በውስጡም የሃያ አራት ያህል የዶሮ እንቁላሎች አስኳልና ውሃ ይይዛል። ሰው ቢቆምበት እንኳ በቀላሉ አይሰበርም። ድንጋይ መሳይ በመሆኑም በአፈር ውስጥ ሥጋ፣ እንጨትና ቆዳ ጠፍተው እርሱ ይቀራል። የጥንት ሰው የለበሰውን ልብስ ሳናውቅ በአንገቱ ያሰረውን ጌጥ የምናውቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

በደቡብ አፍሪካ ዲፕክሉፍ በሚባል የዐለት ጥላ ሥር፣ 60 ሺህ ዓመት ያህል ያስቆጠሩ የሰጎን እንቁላል ስባሪዎች ተገኝተዋል። በላያቸው ላይ በስለት የተጫሩ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ መስመሮች አሉ። ተመራማሪዎች በ2010 ስለ 270 ስባሪዎች ጽፈዋል፤ እንቁላሎቹ የውሃ መያዣ ነበሩ ይላሉ። በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩት የሳን ሕዝቦች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የሰጎን እንቁላልን በስተ ጫፉ በስተው እንደ ቅል ውሃ ይይዙበት ነበር፤ በላዩም ጌጥ ይቀርጹበታል። በአገራችንም ከድሬዳዋ ብዙ በማይርቀው በጎዳ ቡቲቻ ዋሻ፣ በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ንብርብር ውስጥ፣ ቅርጽ የተጫረበት የሰጎን እንቁላል ስባሪ መገኘቱ በ2018 ታትሟል። እንግዲህ በእንቁላል ላይ መሳል ከፈረንጅ አገር የመጣ የፋሲካ ጨዋታ እንደሆነ የሚያስብ ካለ፣ ሥሩ ከዚህ ከአህጉራችን መሆኑን ይወቅ።

ከቅርጹ ሌላ ዶቃው አለ። በኬንያ ስምጥ ሸለቆ በእንካፑኔ ያ ሙቶ ከሰጎን ቅርፊት የተሠሩ፣ 40 ሺህ ዓመት ያህል የሚገመቱ ዶቃዎች ተገኝተዋል። በቅርቡም ሁለት ተመራማሪዎች በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከ31 ቦታዎች የተሰበሰቡ ከ1500 የሚበልጡ ዶቃዎችን እየለኩ አነጻጽረው ነበር። ከ50 ሺህ እስከ 33 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ዘመን፣ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ዶቃ ይሠሩ እንደነበር ደረሱበት። ዶቃ ከሰው ወደ ሰው፣ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚሄድ የመተዋወቂያ ምልክት ነበር ማለት ነው።

የአሠራሩን ነገር ልብ ብለን እንየው። ዶቃ የሚሠራው ከደህናው እንቁላል አይደለም፤ ከተሰበረው ነው። ሠሪው ስባሪውን በጥርብ ድንጋይ ጠርዝ ጠርዙን እየሸረፈ ክብ ያስመስለዋል። ከዚያ በሾለ ድንጋይ፣ በኋላ ዘመን በብረት ወስፌ፣ መሐሉን እያሽከረከረ ይበሳዋል። በመብሳት ጊዜ ብዙው ይሰነጠቃል፤ እርሱ ይጣላል። የተረፈውን በጅማት ወይም በክር አጥብቆ ይሰካውና ቦይ ባለው ድንጋይ ላይ በውሃና በአሸዋ ይፈትገዋል። በክሩ ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ስለሚፈተጉ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥ እኩል ሆነው ይወጣሉ። የሳን ሴቶች በዚህ መንገድ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ ኖረዋል።

አሁን ወደ ጀሪፍ ልመልሳችሁ። አንቶኒ ጆን አርክል የተባለ እንግሊዛዊ የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ከ1944 እስከ 1945 በካርቱም ከተማ መሐል፣ በሆስፒታሉ አጠገብ ቁፋሮ አካሄደ። ያገኘውንም በ1949 በመጽሐፍ አወጣ። በዚያ ቦታ ከስምንት ሺህ ዓመት በፊት አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ይኖሩ ነበር። ከአጥንት የተሠራ የዓሣ መውጊያ፣ ሞገድ መሳይ መስመር የተሳለበት ሸክላ፣ ከእነዚህም ጋር ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ ዶቃዎች ተገኙ። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት አጠገብ፣ ገና ካርቱም የሚባል ስም ሳይኖር፣ ቅርፊት እየበሳ በክር የሚሰካ ሰው ተቀምጦ ነበር። ያ ቦታ ከጀሪፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው። እኛ በሚኒባስ በዚያ በኩል ስናልፍ፣ ሆስፒታሉንም ስንሄድበት፣ ከእግራችን ሥር ምን እንዳለ የነገረን አልነበረም።

በሱዳን ይህ ጥበብ አልተቋረጠም። በሰሜን በኬርማ፣ ከ2500 እስከ 1500 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በነበረው መንግሥት፣ የሰጎን ላባና እንቁላል ከሙታን ጋር ይቀበር ነበር። ከዚያም ቀድሞ በግብፅ በናቃዳ መቃብር ውስጥ የእንስሳት ሥዕል የተጫረበት ሙሉ የሰጎን እንቁላል ተገኝቷል፤ ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሙዚየም ይታያል። በጣሊያን አገር በቩልቺ ደግሞ በ1839 በተከፈተ የአንዲት ባለጸጋ መቃብር ውስጥ የተቀረጹና የተቀቡ የሰጎን እንቁላሎች ነበሩበት። ሰጎን በጣሊያን አይኖርም። እንቁላሉ ባሕር ተሻግሮ፣ በነጋዴ እጅ እየተቀባበለ ነው የደረሰው። በዘመኑ እንደ ዝሆን ጥርስ የሚቆጠር የክብር ዕቃ ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ የእማማን ጥያቄ ልመልስ፤ በጉልላቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?

በአገራችን በብዙ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ፣ በመስቀሉ ቅርንጫፎች ጫፍ የተሰኩ የሰጎን እንቁላሎች አሉ። በጣና ሐይቅ በዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት አንዷ ናት። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጉልላት ሰባት እንቁላሎች አሉት፤ እነርሱም የሰባቱ ዕለታተ ፍጥረት ምሳሌ ናቸው ይባላል። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ዐፄ ኢያሱ አንደኛ፣ በ1690ዎቹ ነው። በ1888 ከሱዳን የመጣው የማሕዲስቶች ጦር ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት።

ሰጎን የቆላ አውሬ ናት። በአዋሽ፣ በአፋር፣ በሱማሌ ሜዳ ትገኛለች እንጂ ጎንደር ደጋ ላይ አትፈልቅም። እንግዲህ ያ እንቁላል ወደ ጉልላቱ የደረሰው ከቆላ ወደ ደጋ በሲራራ ነጋዴ ተጉዞ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ነው። ጨው የመጣበት መንገድ እርሱንም አምጥቶታል። የሰጎን እንቁላል በጉልላት ላይ የሚያደርጉት ክርስቲያኖች ብቻም አይደሉም። በማሊ አገር የጄኔ ከተማ ታላቅ መስጊድ የጭቃ ማማዎቹ ጫፍ የሰጎን እንቁላል አለበት። በግብፅ የቅብጥ አብያተ ክርስቲያናትም በመቅደሱ ፊት ያንጠለጥሉታል። ከሁለቱም እምነት የሆንን በዚህ መጠለያ ጎን ለጎን የምንኖር ሰዎች ይህን ማወቃችን መልካም ይመስለኛል።

ትርጓሜውን አባቶች እንዲህ ይላሉ። ሰጎን እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ዓይኗን ሳትነቅል ትመለከተዋለች፤ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ዞር ካለች እንቁላሉ ይበላሻል። ፈጣሪም ዓለሙን እንዲሁ ሳይዘነጋ ይጠብቃል፤ የሚጸልይ ሰውም ልቡን እንዲሁ ይሰብስብ፤ ይህ ነው ምሳሌው። መጽሐፈ ኢዮብ ግን ስለ ሰጎን ሲናገር ተቃራኒውን ነው የሚለው፤ እንቁላሏን በአፈር ላይ ትታ እንደምትሄድ፣ እግር እንደሚሰብረው እንደማታስብ ይናገራል። አንዱ ጠባቂ፣ አንዱ ዘንጊ ያደርጋታል።

የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ያዩት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። እንቁላሉን ቀን ቀን አመድማዋ እንስት፣ ሌሊት ሌሊት ጥቁሩ ወንድ እየተቀያየሩ 42 ቀን ያህል ይታቀፉታል። አንድ ጎጆ የአንዲት እንስት ብቻ አይደለም። ሌሎች እንስቶች መጥተው እንቁላላቸውን እዚያው ጥለው ይሄዳሉ፤ ባለቤቲቱም የእነርሱን ጨምራ ትታቀፋለች። ብራያን በርትራም የተባለ እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ በኬንያ ጻቮ ሲያጠና የደረሰበት ነገር አለ፤ እንቁላሉ ለመታቀፍ ሲበዛባት የራሷን ለይታ በመሐል ታስቀምጣለች፣ የእንግዶቹን ወደ ዳር ትገፋለች። ቀበሮና ጥንብ አንሣ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያገኘው የዳሩን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጥሁ። በሰው ጎጆ ዳር መቀመጥ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ቢሆንም እውነቱ ሁለት ጎን አለው፤ የዳሩም እንቁላል ከጎጆው ውጭ ከቀረው ይልቅ የመፈልፈል ዕድል አለው። በጀሪፍ ቤት ያከራዩን፣ ሻይ ያጠጡን፣ በመጨረሻም እንደ እኛው ተሰድደው የወጡት ሱዳናውያን ትዝ ይሉኛል።

በሌላው ዓለምም ስደተኛ ከእንቁላል ጌጥ ጋር ያለውን ነገር ማስታወስ ይገባል። ዩክሬናውያን «ፒሳንካ» የሚሉት ጌጠኛ እንቁላል አላቸው። ስሙ «መጻፍ» ከሚለው ቃላቸው የመጣ ነው፤ እንቁላሉ አይቀባም፣ ይጻፋል ይላሉ። በነጩ ቅርፊት ላይ በቀለጠ ሰም መስመር ይጽፋሉ፤ ቢጫ ቀለም ውስጥ ይነክሩታል፤ እንደገና በሰም ይጽፉና ቀይ ውስጥ፣ ከዚያም ጥቁር ውስጥ ይነክሩታል። በመጨረሻ በሻማ አሙቀው ሰሙን ሲጠርጉት ከሥሩ ቀለሙ ሁሉ ይወጣል። ከሰሙ በታች ወርቁን መፈለግ ለለመደ ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወደ ካናዳ የተሰደዱት ዩክሬናውያን ይህን ጥበብ ይዘው ሄዱ። በአገር ቤት በሶቪየት ዘመን ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ በተነቀፈበት ጊዜ፣ በስደት ያሉት እናቶች ለልጆቻቸው ያስተምሩት ነበር። በ1975 በካናዳ በቬግረቪል ከተማ ለእርሱ ታላቅ የአሉሚኒየም ሐውልት ቆመለት። በ2024 ደግሞ ዩኔስኮ ፒሳንካን በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው።

የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 3ኛ በ1885 ለሚስታቸው ከፋበርዤ ያሠሩት እንቁላል ከወርቅ ነበር፤ ቅርፊቱ እንኳ እውነተኛ አልነበረም። ያ በሣጥን ተቆልፎ የሚጠበቅ ነው። የገበሬዋ ፒሳንካ ግን በየዓመቱ በአዲስ እንቁላል ላይ ይጻፋል፤ ቢሰበር ጥበቡ በእጇ አለ።

አንድ ምሳሌ ጨምሬ ላብቃ። በ1925 በቬትናም በሃኖይ በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የነበሩ ሠዓሊዎች፣ ከዛፍ ሙጫ በሚገኘው አንጸባራቂ የአገራቸው ቅብ ሥዕል መሥራት ጀመሩ። ቅብ ግን ጥቁር፣ ቀይና ቡናማ ይሆናል እንጂ ንጹሕ ነጭ አይወጣውም። በ1930ዎቹ መፍትሔ አድርገው የያዙት የእንቁላል ቅርፊት ነው። የዳክዬ ቅርፊት እየሰበሩ፣ ስባሪውን በቅቡ ላይ አንድ በአንድ እየለጠፉ የልብስን፣ የግድግዳን፣ የጨረቃን ነጭነት አወጡበት። በየትኛውም ቀለም ያላገኙትን ነጭ ከተሰበረ ቅርፊት አገኙት።

በ2023 ሚያዝያ ወር በ15ኛው ቀን በካርቱም ጦርነት ተነሣ። የግቢያችን ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ እማማም እኔም በየፊናችን ወጣን። ቅርፊት ይዞ የወጣ የለም። ያ እሬት ከነአበባው እዚያው ቀረ። በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም እንኳ በዚያ ጦርነት ተዘረፈ፤ ቀርቶ የነበረውን የሰው ልጅ ታሪክ ብዙውን ጭነው ወሰዱት። እንግዲህ ሙዚየም ያልጠበቀውን እኛ በምን እንጠብቃለን?

ለጓደኛዬ ጥያቄ መልሴ እዚህ ላይ ነው። ዕቃው አይጠበቅም፤ አሠራሩና ትርጉሙ ግን ይጠበቃል፣ የሚያውቅ ሰው ለማያውቅ ከነገረ። ስምንት ሺህ ዓመት የቆየው የካርቱም ዶቃ ሠሪው ስሙን አልተወም፤ እኔ በሳቅሁባቸው በእማማ ግቢ ግን ያው ሥራ ሲሠራ ነበር። እኔ ቆሻሻ ያልሁትን እርሳቸው ከየት እንደመጣ ያውቁ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ ይህ ጽሑፍ ይሁንልኝ።

መሥራት ለሚሻ ልጅ መንገዱ ቀላል ነው። እንቁላሉን ታጥቦ እንዳለ በሁለቱ ጫፍ በመርፌ ብሳው፤ አስኳሉን በመርፌው ውጋና በአንዱ ቀዳዳ በኩል እፍ በል፤ በሌላው ይወጣል፣ ለምግብም ይሆናል። ባዶውን በውሃ አለቅልቀህ በጥላ አድርቀው። ለቡናማ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ለቢጫ እርድ አፍልተህ ንከረው። ቢሰበርብህ አትጣለው፤ የውስጡን ስስ ልባስ ላጥና ስባሪውን በዱቄት ሙጫ በካርቶን ላይ ለጥፈህ ሥዕል አውጣበት። የሰጎን እንቁላል ግን በየሜዳው ብታገኝ አትንካ፤ ሰጎን ከብዙው የሱዳን ምድር ተመናምናለች።

በመጨረሻ ለታላላቆቻችን አንድ ልመና አለኝ። በተወለዳችሁበት አገር በቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ወይም በመስጊዱ ማማ ላይ ስንት እንቁላል ነበረ? ማን አመጣው፣ ከየት? ምን ትርጉም ይሰጡት ነበር? በቃል ብትነግሩን እኛ እንጽፈዋለን፤ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። ጓደኛዬም ከዚያ ክርክር በኋላ ሁለት ባዶ ቅርፊት አምጥቶ በመስኮቴ ላይ አስቀምጦልኛል።